ማግኔት ሙቀትን በሩቁ እንዴት ይለካል?

ኮሮና በገባ ሰሞን በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትር ሳይነካን ሙቀታችንን ይናገር ነበር። የሚለካው ከቆዳ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ስለሆነ የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መድኃኒት ወይም በኮንክሪት የተቀበረ ነገር ምን ያህል እንደሞቀ ለማወቅ ብንፈልግስ? ሽቦ እናስገባ ብንል ዕቃውን መብሳት ግድ ይሆናል። መፍትሔው ማግኔት ነው።

ማግኔትና ሙቀት ምን አገናኛቸው? ማግኔት የሚስበው በውስጡ ያሉት አቶሞች፣ እያንዳንዳቸው ጥቃቅን ማግኔት ሆነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሰልፉ እየላላ ይሄዳል፤ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ደግሞ ጨርሶ ይፈርሳል። ይህ ወሰን ለብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጉዳዩን በ1895 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት በጥልቀት በመረመረው ፈረንሳዊ በፒየር ኪዩሪ ስም «የኪዩሪ ነጥብ» ይባላል።

ብዙ የሩዝ ማብሰያዎች የሚሠሩት በዚሁ ነው። ከድስቱ ሥር ማግኔትና 103 ዲግሪ ገደማ ላይ መሳቡን የሚያጣ ፌራይት የተባለ ቁስ አለ። ውኃ እስካለ ድረስ የድስቱ ሥር ከውኃው መፍያ ብዙም አይርቅም። ውኃው ሲመጠጥ ሙቀቱ ይሻቅባል፤ ማግኔቱ ይላቀቃል፤ ስፕሪንጉም ማብሪያውን ገፍቶ ያጠፋዋል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢፈላም ማብሰያው ያለጊዜው አይጠፋም፤ የሚጠብቀው የውኃውን ማለቅ ነውና።

በታሸገው ዕቃ ውስጥ አስቀድሞ የሚቀመጠው ሽቦ አልባ የሙቀት መለኪያ (ሴንሰር) ግን ከማብራትና ከማጥፋት አልፎ የሙቀቱን መጠን ይናገራል። ራሱ ባትሪም ሽቦም የሌለው ስስ የብረት ቅይጥ ቁራጭ ነው። ከውጭ የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል ለቅጽበት የማግኔት ኃይል ሲልክበት ቁራጩ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ይንቀጠቀጣል። ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ንዝረቱ ጥቂት ይቆያል፤ ንዝረቱም ደካማ የማግኔት ምልክት ስለሚፈጥር ጥቅሉ ያንን ይቀበላል። የክራር ጅማት ሲላላ ቃናው እንደሚለወጥ፣ ሙቀት ሲለዋወጥም ቁራጩ በሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት ይለወጣል። ሙቀቱ የሚታወቀው ከዚህ ለውጥ ነው። በብዙ ሱቆች ሌባን የሚያጋልጠው፣ በሴኮንድ 58 ሺህ ጊዜ የሚንቀጠቀጠው የዕቃ መለያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

የማግኔት ምልክት በመስታወት፣ በፕላስቲክ፣ በእንጨትና በውኃ ውስጥ ያልፋል፤ ወፍራም ብረት ግን ያግደዋል። ርቀት ሲጨምርም በፍጥነት ይደክማል። በአቅራቢያው ያለ ሌላ ማግኔት ንባቡን ስለሚያዛባ ሴንሰሩ አስቀድሞ በታወቀ ሙቀት መፈተሽ አለበት። ስለዚህ ላዩን ብቻ ማወቅ ለሚበቃበት ሥራ ኢንፍራሬዱ ይበቃል፤ ብረት ባልሆነ ዕቃ ውስጥ የታሸገውን ሳይከፍቱ ለመለካት ግን ማግኔቱ ይሻላል።