ራጁ ደኅና ነው፤ እግሩ ለምን ያቃጥላል?

የተበላሸው የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ወጥቶ በቦታው ብረትና ፕላስቲክ ገብቷል። ቁስሉ ድኗል፤ ክሩም ወጥቷል። የአጥንት ሐኪሙ ራጁን አይቶ «በጣም ጥሩ ተቀምጧል» ብሏል። አርሲ ኢተያ ቤቷ የተመለሰችው እናት ግን ማታ ጋቢው እግሯን ሲነካት ትባንናለች። እስከ እግሯ መዳፍ እየወረደ ይለበልባታል፤ በመሀል ደግሞ ኮረንቲ እንደያዘው ሰው ከዳሌዋ እስከ አውራ ጣቷ ይነዝራታል። ልጆቿ «እማዬ፣ ደኅና ነው ተብሏል እኮ፤ ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት መልስ የላትም። እያደር መናገሩንም ትተወዋለች።

ሐኪሙም ትክክል ነው፤ እናትየዋም ትክክል ናት። ራጅ የሚያሳየው አጥንትና ብረት ነው፤ ነርቭ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ መሆኑ ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን የመገጣጠሚያ ቅየራ በብዛት የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ከአርሲ ደጋ ሄዶ የታከመ ሰው በአዳማ በኩል ዞሮ ቤቱ ከገባ በኋላ ቀጣዩ ቀጠሮ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይርቃል። በዚያ መሀል ሕመሙን የሚይዘው ቤተሰቡ ነው። የሚይዘውን ነገር አሠራር ቢያውቅ ብዙ ስቃይና ብዙ ከንቱ ወጪ ይቀራል።

ከዳሌ መገጣጠሚያ በስተኋላ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ሁሉ ትልቁ ያልፋል። ሐኪሞች ሲያቲክ ይሉታል፤ የጣት ያህል ይወፍራል። ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ይወርድና ከጉልበት በላይ ለሁለት ተከፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ጡንቻው በብረት መያዣ ገለል ተደርጎ ይያዛል፤ እግሩም ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል። ነርቭ ደግሞ መጎተት አይወድም። በተለይ ዳሌው ከዓመታት በፊት ተሰብሮ በደንብ ሳይታከም እግሩ አጥሮ የቆየ ሰው፣ አዲሱ መገጣጠሚያ እግሩን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሲመልሰው፣ አብሮ አጥሮ የኖረው ነርቭ በድንገት ይለጠጣል። እንዲህ ያለው ትልቅ ጉዳት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ዳሌ ካስቀየሩ መቶ ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ይደርሳል። በጉልበት በኩል ነገሩ ይለያል። የጉልበቱ ፊት ሲቀደድ በዚያ የሚያቋርጥ ትንሽ የቆዳ ነርቭ መቆረጡ አይቀርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጉልበት ያስቀየረ ሰው ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል ያለው ቆዳ ቢደነዝዘው አይደንግጥ። አብዛኛው ሰው በመደንዘዝ ብቻ ያልፋል። በጥቂቶች ላይ ግን የተቆረጠው ጫፍ ለማደግ ሲሞክር ተጠቅልሎ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ ያቺ ጉብታ በጣት ስትነካ ታስጮኻለች።

በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ጉልበት ካስቀየሩ አምስት ሰዎች አንዱ፣ ዳሌ ካስቀየሩ አሥር ሰዎች አንዱ ገደማ ከወራት በኋላም ቀላል የማይባል ሕመም ይዞ ይቆያል። ይህ ሁሉ የነርቭ ሕመም አይደለም፤ ከፊሉ ግን ነው፤ ለመታከምም አስቸጋሪው እሱ ነው።

ጤነኛ ነርቭ የሚናገረው ሲነካ ነው። በነርቩ ግድግዳ ላይ ሶዲየምን፣ ማለትም በገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ የሚያስገቡ ጥቃቅን በሮች አሉ። ስንነካ በሮቹ ይከፈታሉ፤ የኤሌክትሪክ መልእክት ወደ ላይ ይሄዳል። ነርቩ ሲጎዳ እነዚህ በሮች የተጎዳው ቦታ ላይ ከልክ በላይ ይጠራቀሙና ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይከፈታሉ። መልእክቱ የተነሣው ዳሌ አጠገብ ነው፤ አእምሮ ግን የሚያውቀው ያ ነርቭ የሚመጣው ከእግር መዳፍ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ «መዳፍህ እየተቃጠለ ነው» ይላል። መዳፉ ቢታይ ምንም የለበትም። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለውን ጣቱን ሲያመው የሚያድረውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የሚደርሰው ኅብለ ሰረሰር ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ኅብለ ሰረሰር መልእክት ማስተላለፊያ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ክሊፎርድ ዎልፍ የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ከጉዳት በኋላ ኅብለ ሰረሰሩ ራሱ እንደሚለወጥና ትንሹን መልእክት አጉልቶ እንደሚያስተላልፍ አሳየ። ጅብ ግቢው የገባበት ቤት ውሻን አስቡ፤ ጅቡ ከሄደ ከሳምንታት በኋላም ቅጠል ሲንኮሻኮሽ፣ የቤቱ ሰው በር ሲከፍት ይጮኻል። ውሻው አልዋሸም፤ ንቃቱ ከልክ አልፎ ነው። የጋቢው መንካት እንደ ቢላ የሚሰማትም እናት እንዲሁ ናት። «በሐሳብሽ ነው» ማለት ስሕተትም ጭካኔም ነው።

ታዲያ ከተለመደው የቁስል ሕመም በምን ይለያል? የቁስል ሕመም ሲረግጡበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል፣ በየሳምንቱም እየቀነሰ ይሄዳል። የነርቭ ሕመም ደግሞ አርፈው በተኙበት ሌሊት ይነሣል። ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት አሥር ጥያቄ ያለው መለያ አለ፤ ሰባቱን ጥያቄዎች ቤት ተቀምጦ ማሰብ ይቻላል። ያቃጥላል? እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ያማል? እንደ ኮረንቲ ይነዝራል? ውርር ያደርጋል? በመርፌ እንደ መውጋት ይላል? ይደነዝዛል? ያሳክካል? የቀሩትን ሦስቱን ሐኪሙ ራሱ ነክቶ ያያል፤ በዚያ ቦታ መንካት ወይም በመርፌ ጫፍ መወጋት ደብዝዞ ይሰማ እንደሆነ፣ ለስላሳ ነገር ሲዳብሰውስ ያመው እንደሆነ። ከአሥሩ አራቱ «አዎ» ከሆኑ የነርቭ ሕመም መሆኑ በጣም ይጠረጠራል። በቀጠሮው ቀን «አመመኝ» ብቻ ያለች እናት የተለመደው ማስታገሻ ታዝዞላት ትመለሳለች። «ሌሊት ያቃጥለኛል፣ ነጠላ ሲነካኝ ያመኛል፣ ቆዳው ግን ደንዝዟል» ያለች ግን ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ሠርታለታለች።

ነርቭ ነው ከማለት በፊት ግን ሌላ መታየት ያለበት አለ። ሕመሙ ለወራት ጠፍቶ ቆይቶ እንደ አዲስ ከጀመረ፣ አካባቢው ካበጠ፣ ከጋለ፣ መግል ካለ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ተመርዞ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ባት በአንድ በኩል ካበጠና ካመመ ደም ረግቶ ይሆናል። እግሩ በድንገት አጥሮ ከዞረ ዳሌው ወልቆ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቀጠሮ አይጠብቁም፤ በዚያው ቀን አሰላ ሆስፒታል መድረስ ነው። ከዚህ ሌላ የወገብ ዲስክና የስኳር በሽታም እግር ያቃጥላሉ፤ ጥፋቱ ሁሉ ለቀዶ ሕክምናው መሰጠት የለበትም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ነው። ዳይክሎፌናክ የሚሠራው የቁስል ብግነትን በመቀነስ ነው፤ ራሱን በራሱ የሚከፍተውን የነርቭ በር አይዘጋም። ባለመሥራቱ ደግሞ ሰው ይጨምራል፣ ይደጋግማል፤ በመጨረሻ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት ሌሎች ናቸው። አንደኛው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ዋጋው ቀላል፣ ዕድሜውም ብዙ ነው። መጀመሪያ የወጣው ለድብርት ስለነበር ብዙ ቤት ውስጥ ችግር ይፈጥራል። ፋርማሲ «የጭንቀት መድኃኒት ነው» የተባለች እናት «ታዲያ አብደሻል ነው ያሉኝ?» ብላ ትጥለዋለች። ለነርቭ የሚሰጠው መጠን ግን ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመራል። ሥራውም ከአእምሮ ወደ ኅብለ ሰረሰር እየወረደ ሕመምን የሚገታውን የሰውነት የራሱን ፍሬን ማጠንከር ነው። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም እንዲሁ ከሚጥል በሽታ መድኃኒትነት የመጡ ናቸው፤ የተቆጡትን ነርቮች ያረጋጋሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች ዛሬ ተውጠው ዛሬ አይሠሩም። በትንሹ ተጀምረው ቀስ እያሉ ይጨመራሉ፤ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መተው በጣም የተለመደ ነው፤ በጣምም ያሳዝናል። ጋባፔንቲን ሲወሰድ ቆይቶ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ሁሉም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ያንገዳግዳሉም፤ ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነ ሌሊት በጨለማ ከመውጣት ፖፖ አልጋው ሥር ማድረግ ይሻላል፤ በአዲስ ዳሌ መውደቅ ሌላ መከራ ነው። አሚትሪፕቲሊን የልብ ሕመም ላለበት፣ ግላኮማ ላለበት፣ ሽንት ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎች አደጋ ስላለው አስቀድሞ መናገር ግድ ነው፤ ለጋባፔንቲን ደግሞ የኩላሊት ሁኔታ ይታያል። እነዚህን ትራማዶል ከተባለው ማስታገሻ ጋር ደርቦ መዋጥ ወይም አረቄ መጨመር ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። የቢ ቫይታሚን መርፌ ብዙ ሰው ይወዳል፤ የሚጠቅመው ግን ቫይታሚኑ ያነሰውን ሰው ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ያስመርምር።

ምን ያህል ይጠበቅ? ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ሐኪሞች ትልቅ ውጤት ይሉታል። ሌሊቱን መተኛት ከተቻለ ደግሞ ቀኑም ይቀላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ ይብስበታልና።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከክኒኑ አያንስም። ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ የሚያመውን ቆዳ መንካት ማስለመድ ይቻላል። ከማያመው ዳር ተጀምሮ በባዘቶ ቀስ ብሎ ለጥቂት ደቂቃ መዳበስ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ባዘቶውን ሲለምደው ነጠላ፣ ከዚያ ፎጣ። እጁ የበሽተኛዋ የራሷ ቢሆን ይመረጣል፤ መቼ እንደሚቆም የምታውቀው እሷ ናት። ኅብለ ሰረሰሩ ይህ መንካት ጉዳት አለመሆኑን የሚማረው በመደጋገም ነው። ማታ ደግሞ ብርድ ልብሱ መዳፉን እንዳይነካ ካርቶን ከፍቶ እግሩ ላይ መድፋት ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

የጭላሎ ነፋስ በሚወርድበት አገር ብርድ ሌላ ጉዳይ ነው። የተጎዳ ነርቭ በብርድ ይብስበታል፤ የሱፍ ካልሲ ይረዳል። የምድጃ ፍሕም አጠገብ እግር መዘርጋት ግን፣ የሞቀ ውኃ የሞላ ጠርሙስም ቢሆን፣ በጣም አደገኛ ነው። የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይናገርም፤ ውኃ ቋጥሮ የሚገኘው ጠዋት ነው። ወጌሻ ጋ ማሳሸትና ማስተኮስ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም እላለሁ። ወጌሻ በአባቶቻችን ዘመን ብዙ ሰው ረድቷል፤ ብረት የገባበትን ዳሌ ግን አያውቀውም። ሲታሽ ሊወልቅ ይችላል። የተተኮሰ ቆዳ ለጀርም በር ይከፍታል፤ ብረቱ ላይ የሰፈረ ጀርም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ አይወጣም።

አዲሱ ዳሌ እንዳይወልቅ ዝቅተኛው በርጩማ ይነሣ፤ ቡናው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠጣ። ቤተ ክርስቲያን ስግደቱን፣ መስጊድ ሶላቱን ሐኪም እስኪፈቅድ ተቀምጦ ማድረስ ይቻላል፤ ቄሱንም ሼኩንም ጠይቁ፣ ለታመመ ሰው የሚከለክል አታገኙም። በየቀኑ ትንሽ መራመድ ግን አይቋረጥ። ሕመሙን ፈርቶ መተኛት ጡንቻውን ያሟሽሻል።

ነርቩ ተለጥጦ ወይም ተጨፍልቆ ከሆነ፣ ካልተበጠሰ፣ መልሶ ሊያድግ ይችላል፤ ፍጥነቱ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በወር ሦስት ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ከዳሌ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ቢሆን አንድ ሺህ ቀን፣ ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእግሩ ፊት አልነሣ ብሎ መሬት ለሚጎተትበት ሰው ቁርጭምጭሚቱን ደግፎ የሚይዝ ጫማ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ድጋፍ ይሠራል፤ እንዳይሰናከል ያደርገዋል፤ ጅማቱም እንዳይኮማተር ይጠብቃል። እድገቱን መከታተያ አንድ የቆየ ዘዴም አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ቲኔል በ1915 እ.ኤ.አ. በጦርነት ቁስለኞች ላይ ያየው ነው። ነርቩ በሚያልፍበት መስመር ላይ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ሲመታ አንድ ቦታ ላይ እስከ ታች ይነዝራል፤ እያደገ ያለው ጫፍ የደረሰው እዚያ ነው። በጥልቁ የጭን ክፍል በቀላሉ አይገኝም፤ ከጉልበት በታች ግን ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሊያሳያችሁ ይችላል። ያንን ቦታ ከጉልበት ሎሚ በስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ በየወሩ ለክታችሁ ከቀኑ ጋር ጻፉት። ቁጥሩ ወደ ታች እየወረደ ከሆነ መጠበቅ ተገቢ ነው። ሦስት አራት ወር ከአንድ ቦታ ካልተንቀሳቀሰ ግን ወረቀቱን ይዛችሁ ቀጠሮው ሳይደርስ ሂዱ፤ የነርቭ ምርመራ እንዲታዘዝ መጠየቂያ ማስረጃችሁ እሱ ነው።