ሊማሊሞ የውድድር ሜዳ አይደለም

የአክስቴ ልጅ ደባርቅ ነው የሚኖረው። ገና 19 ዓመቱ ነው፤ በሞተር ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤቱን ይደግፋል። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ አክስቴ ቡናውን አቅርባ፣ አቦሉን እንኳ ሳንጨርስ “እንግዲህ አንተ ተምረሃል፤ ይህን ልጅ ምከርልኝ” አለችኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ታች በስንት ደቂቃ እንደሚወርድ በስልኩ ሰዓት መያዝ ጀምሯል። ይባስ ብሎ ያለችውን ሞተር ሸጦ “የውድድር ሞተር” ሊገዛ አስቧል። እኔን ደግሞ ወደ በር ወጣ እንዳልን “ወንድምዓለም፣ ፕሮፌሽናል የሚኮነው እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለ ሞተር የማውቀው ከኋላ ተፈናጥጦ መሄድን ብቻ ነበር። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ጎንደር ተመልሼ ሳነብና መካኒኮችን ስጠይቅ ከረምኩ።

መጀመሪያ፣ የትኛው ውድድር? በቴሌቪዥን የምናየው ሞቶጂፒ ልዩ የአስፋልት መም ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር እዚያ የደረሰው ገና በታዳጊነቱ አውሮፓ ሄዶ በወጣቶች ውድድር አልፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሞቶ3 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ላይ በዋናው ምድብ አሸነፈ። በ19 ዓመት ከደባርቅ ለሚነሳ ሰው ይህ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። እኔ ልጁን አልዋሸሁትም።

የአፈር ውድድር ግን ሌላ ነገር ነው። ሞቶክሮስ ጉብታና ኩርባ ባለው የአፈር መም ላይ ይደረጋል፤ ኤንዱሮ በጫካና በድንጋይ መካከል ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ራሊ ደግሞ በረሃና ተራራ ያቋርጣል። ዳገት፣ ጭቃና ጠጠር ከሆነ እኛ ምን ጎደለን?

ሊማሊሞ ላይ ሰዓት መያዝ ግን ልምምድ አይባልም። በኩርባው ማዶ ከባድ መኪና ይኑር፣ የተጫነች በቅሎ ትኑር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ይኑር አይታይም። ጉግስ እንኳ ሜዳ አለው እኮ! የሞቶክሮስ ጀማሪ የሚማረው በጠባብ ቦታ በዝግታ ነው። ስምንት ቁጥር መሥራት፣ በፔዳሉ ላይ ቆሞ መንዳት፣ የፊቱን ፍሬን ጎማው ሳይቆለፍ መያዝ፣ ዓይንን ከፊት ጎማ አንስቶ ወደ ኩርባው መውጫ መላክ። ከታጨደ በኋላ ባለቤቱ የፈቀደው ማሳና አራት ድንጋይ ይበቃል። የማይቀረው ወጪ የመከላከያ ልብስ ነው፦ ሄልሜት፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንት፣ የጉልበትና የደረት መከላከያ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚይዝ ጠንካራ ቦት። ሄልሜት ደግሞ አንዴ በኃይል ከተመታ ውጪው ደህና ቢመስልም ይጣላል፤ “ገና አዲስ ነው” ብሎ ነገር የለም።

ከሁሉም የገረመኝ የከፍታው ነገር ነው። ሯጮቻችንን ደጋ ያጠነክራቸዋል እንላለን፤ ሞተርን ግን ያደክማል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ያፍናል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ፣ ጂግለሯን፣ ጠበብ ባለች መቀየር ነው። ቆላ ሲወርዱ ደግሞ መመለስ አለባት፤ አለበለዚያ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ይህን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ግማሽ መካኒክ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ሞተር ገቢ የምታመጣ ንብረት ናት። የሞቶክሮስ ሞተር መብራት የለውም፣ ታርጋ የለውም፣ ከኋላው ሰው አይጫንም፤ ተወዳድሮ ከመምጣት በቀር ሥራ የለውም። የመጀመሪያውን ሸጦ ሁለተኛውን መግዛት የምታልብ ላም ሸጦ የሰንጋ ፈረስ እንደመግዛት ነው። ፈረሱ ያምራል፤ ወተቱስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ምክሬ አጭር ነበር፦ ሞተሯን አትንካ፤ ለውድድር የሚሆነውን ለብቻው አጠራቅም፤ ሁለት ሦስት ጓደኛ ካለህ አንድ ያገለገለ በጋራ ግዙ።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ስዊዘርላንድ የሆነው ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን፣ ኤፍአይኤም፣ ለግለሰብ በቀጥታ በር አይከፍትም። የተወዳዳሪነት ፈቃድ የሚወጣው በአባል ብሔራዊ ማኅበር በኩል ነው። እኛ ዘንድ ስፖርቱን ይዞ የቆየው የኢትዮጵያ ሞተር ስፖርት አሶሴሽን መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የጎንደር ልጅ የመጀመሪያ ጉዞው ወደዚያ ይሆናል፤ ቢያንስ እንደ ረዳት ወይም እንደ መካኒክ ሆኖ አንድ ውድድር ከውስጥ ማየት። ቀጥሎ የሚቀርቡት የአካባቢያችን አገሮች ናቸው፤ ናይሮቢም ሆነ ኢንቴቤ አጠገብ ያለችው ጋሩጋ የሞቶክሮስ መም አላቸው፤ ልጆች እዚያ በ50 ሲሲ ሞተር ይጀምራሉ።

ብስክሌተኛው ጽጋቡ ገብረማርያም የሄደበትም መንገድ ይኸው ነው። ከመቀሌ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ወዳለው የሥልጠና ማዕከል፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ ቡድን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

በሞተር ደግሞ ቦትስዋናዊውን ሮስ ብራንች እዩት። ሙያው አብራሪነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያ ዳካሩን በ13ኛነት ጨረሰ፤ በ2020 አንድ ቀን አሸነፈ፤ በ2024 ሁለተኛ ወጣ፣ የዓመቱንም የዓለም ራሊ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ዋንጫ የወሰደው ለሕንዱ ሂሮ ኩባንያ እየነዳ ነው። ሂሮ ርካሽ የሥራ ሞተር ለዓለም የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ ከእኛ ሰፈር ሞተረኛ ገበያ ብዙም አይርቅም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ስፖንሰር የሚፈልግ ልጅ ማንኳኳት ያለበት እንዲህ ያለውን በር ነው። ዳካር በራስ ኪስ አይሞከርም፤ ምዝገባው ብቻ ለአንድ ሞተረኛ ከ15 ሺህ ዩሮ በላይ ነው። እዚያ ውድድር ውስጥ አንድ ምድብ አለ፤ ተወዳዳሪው መካኒክ አይፈቀድለትም፣ አንድ ሳጥን ዕቃ ይዞ ማታ ማታ ሞተሩን ራሱ ይጠግናል። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ።

ትናንት ደወለልኝ። ሞተሯ አልተሸጠችም። ጠባቧን ጂግለር ጎንደር አስፈልጎ አስገጥሟል፤ “ካንዴላዋን ፈትቼ አየኋት፣ ጥቁረቷ ጠፍቶ ቡናማ ሆናለች” አለኝ። ሊማሊሞን ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና አጎቱ ማሳውን እስከ ክረምት እንደፈቀዱለት ነገረኝ። ከኋላው የአክስቴ ድምፅ ይሰማል፤ ድንጋዮቹን ከአጥሬ ላይ ነው የወሰዳቸው እያለች።