አደጋ ምክንያት አለው፦ ከጅዳ ሳፋ እስከ ኮሌጅ ወንበር



በዚህ ዕትማችን የአንዲት እኅታችንን ታሪክና በኮሌጅ እየተማረችው ያለውን ትምህርት ይዘንላችሁ ቀርበናል። ትምህርቱ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ይባላል። ስሙን ስትሰሙ ለፋብሪካና ለሕንፃ ሠራተኞች ብቻ የሚሆን ይመስላችሁ ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ የመሰለን እንዲሁ ነበር። ከአባታችን ጋር ሆነን እኅታችንን ካነጋገርናት በኋላ ግን በዐረብ ቤት ለምትሠራ እኅት እጅግ የሚያስፈልግ ትምህርት ሆኖ አገኘነው።

ይህች እኅታችን ጅዳ ውስጥ ሳፋ በሚባለው ሰፈር አራት ዓመት ሠርታለች። ስሟን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቀችን አንጽፈውም። በሁለተኛው ዓመቷ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ይታጠብ ነበር። እርሷም ሌሊት ስትሠራ አድራ ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ በረኪናውን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃው አሲድ ጋር በአንድ ባልዲ ቀላቀለችው። ሽታው ወደ ሳሎን እንዳይመጣ በሩን እንድትዘጋ ታዝዛ ስለ ነበር በሩ ዝግ ነው፤ ክፍሉም መስኮት የለውም።

«ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም» ብላ ነገረችን። ጎትታ ያወጣቻት አብራት የምትሠራው ኢንዶኔዥያዊት ነበረች። ለብዙ ጊዜ ስትስል ቆየች። ያገኛት ነገር የሰው ዓይን እንደ ሆነ አመነች፤ እናቷም በስልክ ሲሰሙ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ቀድሞ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ስለ ነበር፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ኮሌጅ ገባች። አንድ ቀን መምህሩ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ እንደሚወጣ በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ወለል የሚያጥበውን ሰው ቀድሞ ያገኘዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነበር። እኅታችን ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። «ያነቀኝን ነገር ስሙን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዕጣዬ ሳይሆን አለማወቄ ነበር» አለችን።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ትምህርቱ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ሠራተኞችን ከሥራቸው የተነሣ ስለሚይዟቸው በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። ከማዕድን ቆፋሪዎች ጋር የልብስ አጣቢ ሴቶችን ሕመም ጭምር መዝግቧል። ሐኪሞችም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ እንዳያልፉ መክሯል። በአገራችንም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒተሪያን የሚባሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሥራ ጤና ደኅንነት ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኗል።

በኮሌጁ በመጀመሪያ የሚማሩት አደጋን ለመከላከል የሚወጡትን አምስት ደረጃ ነው። እኅታችን ደብተሯን ገልጣ እንዲህ አስረዳችን።

አንደኛ፣ አደገኛውን ነገር ጨርሶ ማስወገድ። ሁለተኛ፣ ማስወገድ ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ ነገር መተካት፤ ለምሳሌ አሲዱን ትቶ በሳሙናና በብሩሽ ማጽዳት። ሦስተኛ፣ በሰውና በአደጋው መካከል መከለያ ማበጀት፤ የመስኮት ፍርግርግና አየር አውጪ ማራገቢያ ለዚህ ናቸው። አራተኛ፣ አሠራርን ማስተካከል፤ ዕቃው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከባዱን ለሁለት ማንሣት፣ ዕረፍት መስጠት። አምስተኛውና የመጨረሻው ጓንትና ጭምብል ነው።

ልብ በሉ፣ ጓንት የመጨረሻው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጓንት ካጠለቅን ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለናል። እኅታችንም ያን ቀን ጓንት አጥልቃ ነበር፤ ጋዙ ግን የገባው በእጇ አልነበረም።

መስኮትና በር

ከፎቅ መስኮት ላይ ስለ መውደቅ ያልሰማች እኅት የለችም። ይህ በዐረብ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲንጋፖር ውስጥ የቤት ሠራተኞች መስኮት ሲያጸዱ ከፎቅ እየወደቁ ሞቱ። በዚያው ዓመት መንግሥት ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት አሠሪው ቆሞ ካልተቆጣጠረና መስኮቱ የተቆለፈ የብረት ፍርግርግ ከሌለው ሠራተኛዋ የመስኮቱን ውጭ እንድታጸዳ ማድረግ ተከለከለ። ደንቡ ለሠራተኛዋ «ተጠንቀቂ» ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ጥንቃቄውን የቤቱ ባለቤት ግዴታ አደረገው።

ይህ አሳብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግለት ታዝዟል፤ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እንግዲህ የመከታው ግዴታ የባለቤቱ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ማለፍ የለመደብን ሰዎች ይህን ብናስበው መልካም ነው።

ስለ በርም እንናገር። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል በሚባል የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች ሞቱ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ የፈለሱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫዎቹ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። እሳቱን ቆማ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት ከዚያ በኋላ ለሠራተኞች ደኅንነት ስትታገል ኖራ እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነች።

እኅቶቻችን ይህን የምንነግራችሁ ቤተሰቡ ሲወጣ በር ተቆልፎባችሁ የምትውሉ ስላላችሁ ነው። እሳት ቁልፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። በሩ ተቆልፎባችሁ እንድትውሉ የሚያደርግ ቤት ከሆነ፣ አንድ ቁልፍ ከውስጥ በታወቀ ቦታ እንዲቀመጥ በትሕትና ጠይቁ።

እንዴት እንናገር?

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ማን ሆነን ነው ማዳምን የምንመክረው?» ትሉ ይሆናል። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ለእኅታችን አቀረብንላት። መልሷ ይህ ነበር። «እምቢ አልሠራም ካልሽ ጠብ ይሆናል። ‹ሃዳ ኸጠር፣ ሽታው ልጆቹንም ይጎዳል› ብትያት ግን ትሰማሻለች። እናት ናት።» ሃዳ ኸጠር ማለት ይህ አደገኛ ነው ማለት ነው። ሁልጊዜ ይሠራል አንላችሁም። ነገር ግን ምክንያቱን የምታውቅ ሴት የምትናገረው አላት፤ የማታውቅ ግን ታዝዛ ከመሞት በቀር ምርጫ የላትም።

ሁለተኛው ምክሯ ደብተር መያዝ ነው። በትምህርቱ ለጥቂት የተረፉበት አደጋ እንደ ደረሰ አደጋ ይመዘገባል። ኸይንሪክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ከአንድ ከባድ አደጋ በስተጀርባ 29 ቀላል ጉዳቶችና 300 ጉዳት ያላደረሱ ክስተቶች እንዳሉ ጽፏል። ቁጥሮቹን በኋላ የመጡ ምሁራን አልተቀበሏቸውም። ለጥቂት ከተረፉበት አደጋ መማር እንደሚገባ ግን ዛሬም ይሠራበታል። ደረጃው ላይ አንሸራቶሽ ከሆነ፣ የማብሰያው ገመድ እጅሽን ነዝሮሽ ከሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፊ። ሁለተኛ ሲደገም ምክንያቱ ይታይሻል።

በቤት ውስጥ የሚጠቅሙ ነገሮች

ከደብተሯ የሚከተሉትን ለእናንተ መርጠናል።

በረኪናን ከውኃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ከአሲድም ሆነ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ማጽጃን በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ይጠጣዋል። ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ታጠቡ።

የጋዝ ሽታ ከተሰማችሁ መብራት አታብሩም አታጥፉም። ማብሪያ ማጥፊያው በሚፈነጥቀው ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላልና። የሲሊንደሩን መክፈቻ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። የሲሊንደር ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይከማቻል።

ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውኃ አታፍሱበት። ምድጃውን አጥፍታችሁ መጥበሻውን በክዳን ክደኑት። የተቃጠለ አካልን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር አቆዩ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል መቀባት ቁስሉን ያብሰዋል።

በበዓል ቀን ቡና ስታፈሉ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ዕጣን ስታጨሱም እንዲሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ ይገድላል። ኤርኮንዲሽን ስለ ተከፈተ አየሩ የተለወጠ አይምሰላችሁ፤ ብዙው ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው።

በጅዳና በመካ አካባቢ ለእሳት፣ ለአምቡላንስና ለፖሊስ የሚደወለው 911 ነው። የሲቪል መከላከያ 998፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። ቁጥሮቹን ቃል በቃል አጥኗቸው፤ በችግር ጊዜ መፈለጊያ ጊዜ አይኖርምና።

ሕጉስ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 በ13ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት እንዳላት ይናገራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ። ስለዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሳውዲ ዐረቢያም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ደንብ የቤት ሠራተኛን ጤናዋን ለሚጎዳ አደገኛ ሥራ ማሠማራትን ከልክላለች። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲስ ደንብ ደግሞ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ዕረፍት የደኅንነት ጉዳይ ነው። እኅታችን ባልዲውን የቀላቀለችው ሌሊቱን ሳትተኛ ባደረችበት ጠዋት መሆኑን አትርሱ።

ለመማር ለምታስቡ

ኮንትራታችሁን ጨርሳችሁ አገር ስትገቡ ምን እንደምትሠሩ የምታስቡ ብዙዎች ናችሁ። እኅታችን መጀመሪያ ከእርሷ ካነሱ ልጆች ጋር መቀመጥ አፍራ ነበር። መምህሩ ስለ ኬሚካል፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ከባድ ዕቃ አነሣስ ሲጠይቅ ግን እጅ የምታወጣው እርሷ ሆነች። ሌሎቹ በመጽሐፍ የሚያነቡትን እርሷ በእጇ ሠርታዋለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በቤት ሠራተኞች አደጋ ላይ ልትጽፍ አስባለች። ቅድመ ጉዞ ሥልጠና በሚሰጥበት ተቋም ገብታ የማስተማር ምኞትም አላት።

ይህን ምኞቷን ወደድንላት። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ደንግጓል። ያ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ባልዲው ፊት ቆማ የምታውቅ ሴት ስታስተምርበት ነው። 12ኛ ክፍል ያልጨረሳችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ በማታ ትምህርት ጀምራችሁ በቴክኒክና ሙያ በኩል ደረጃ በደረጃ መውጣት ይቻላል።

ስንለያይ ለእናንተ የምትልከው ቃል ካላት ጠየቅናት። ጥቂት ካሰበች በኋላ «ዛሬ ማታ ማጽጃው የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን ክፈቱና በረኪናውን ከአሲዱ ለዩት። በረኪናው ከላይ፣ አሲዱ በሌላ ቦታ ይሁን» አለችን።

እኛም የምንላችሁ ይህንኑ ነው። ይህን ጽሑፍ አብራችሁ ለምትሠራ፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ አማርኛ ለማታነብም በቃል ንገሯት። እግዚአብሔር መግባት መውጣታችሁን ይጠብቅ፤ ለወላጆቻችሁም በሰላም ያብቃችሁ።