ከልብ ወደ ኩላሊት የሚሄድ መልእክት፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርደው ራስ መኮንን ድልድይን ሲሻገሩ የፒያሳ ዳገት ፊት ለፊት ይጠብቅዎታል። በቅርቡ ያን ዳገት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ስንወጣ እማማ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ አጥር ተደግፈው ቁና ቁና ተነፈሱ። "ደሜ በዝቶ ነው ልጄ፤ ትንሽ ቢቀነስልኝ ይሻለኝ ነበር" አሉኝ። ሐኪም ያዘዘልዎትን የግፊት ኪኒንስ? "ሌሊቱን ሙሉ ሲያሸናኝ ተውኩት።" እንዲህ ያለው ነገር ሰው ስለሚጎዳ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ተረት፦ "ደም ብዛት ማለት ደም መብዛት ነው፤ በዋግምት ይወጣል።"

እውነት፦ ያሳሳተን ስሙ ነው። ሕመሙ የደም ግፊት ነው፤ ደሙ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና። የአዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ግፊት ያለበት ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ደም የለውም። ብዙውን ጊዜ የጠበቡት ደም ሥሮቹ ናቸው፤ ዋግምት ደግሞ እነሱን አያሰፋም። ሆኖም ስሙ ጨርሶ ከእውነት አልራቀም። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው የደሙን መጠን ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወጣል። ይህን መጠን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ራሱ ልብ ነው።

ተረት፦ "ልብ ደም ከመርጨት ሌላ ሥራ የለውም።"

እውነት፦ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ያምኑ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. በላይኛው የልብ ክፍል ሕዋሳት ውስጥ ጥቃቅን እንክብሎች በማይክሮስኮፕ ታዩ፤ ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ ያሉትን ይመስላሉ። ጡንቻ ውስጥ ምን ይሠራሉ? መልሱ የመጣው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። አርጀንቲና ተወልዶ ካናዳ ይመራመር የነበረው አዶልፎ ዴ ቦልድ የአይጦችን የላይኛውን የልብ ክፍል ፈጭቶ ጭማቂውን ለሌሎች አይጦች በደም ሥር ሰጣቸው። ወዲያው ጨውና ውሃ በብዛት ይሸኑ ጀመር፤ ግፊታቸውም ወረደ። ከታችኛው የልብ ክፍል የተወሰደው ጭማቂ ግን ይህን አላደረገም።

በጭማቂው ውስጥ የነበረው ሆርሞን ኤኤንፒ ይባላል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲበዛ የላይኛው ክፍል ግድግዳ ይወጠራል፤ ሲወጠር ሆርሞኑን ይለቃል። ኩላሊት ጨው እንዲያስወጣ ያዛል፣ ደም ሥሮችን ያላላል፣ ጨው የሚያስይዙትን ሬኒንንና አልዶስቴሮንን ይገታል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ልብ መልእክቱን ሳያሰልስ ይልካል። እርስዎም ያውቁታል። ዋና ገንዳ ውስጥ እስከ አንገት ሲገቡ ሽንት የሚያጣድፈው ውሃው የእግርን ደም ወደ ደረት ስለሚገፋው ጭምር ነው። "ብርድ መታኝ" እያልን ከምንመላለስበት ምክንያትም አንዱ ይኸው ነው፦ ብርድ የቆዳን ደም ሥሮች አጥብቦ ደሙን ወደ መሐል ይሰበስባል።

ተረት፦ "ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር የእርጅና ነው።"

እውነት፦ የደከመ ልብም ሊሆን ይችላል። በ1988 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ቢኤንፒ የተባለውን የኤኤንፒ ዘመድ በአሳማ አንጎል ውስጥ አገኙ፤ ኋላ ዋና ምንጩ የታችኛው የልብ ክፍል ሆኖ ተገኘ። ልብ ሲጨነቅ በደም ውስጥ ስለሚጨምር፣ የትንፋሽ ማጠሩ ከልብ ይሁን ከሳንባ ለመለየት ይመረመራል።

ተረት፦ "የሚያሸና ኪኒን ሰውነት ያደርቃል።"

እውነት፦ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ክትትል ሲወሰድ፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለው ኪኒን የሚያስወጣው የልብ ሆርሞንም አስወጣ የሚለውን ጨውና ውሃ ነው። ልብ ሲደክም ሆርሞኑ አይጠፋም፤ እንዲያውም ይበዛል። ነገር ግን ጨው የሚያስይዙት ሆርሞኖች ይበረቱበታል፣ ኩላሊትም ጥሪውን እንደ ድሮው አይሰማም። ያን ጊዜ ልብ አጋዥ ያስፈልገዋል።

እማማን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለትንፋሻቸው የልብ አልትራሳውንድ ታዘዘ። ስለ ኪኒኑ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው በስንት ሰዓት እንደሚውጡት ነበር። "ከእራት በኋላ፣ ልተኛ ስል" አሉ። መጠኑ አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ብቻ ወደ ቁርስ ተዛወረ።