የገንዳው ውኃ ጥሪት

በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማሳደግ የጀመረ ሰው ገና ከመነሻው የሚሰማው ምክር «የውኃው ፒኤች 7 ይሁን» የሚል ነው። ምክሩ አጭርና ለመያዝ የሚቀል ስለሆነ ሥር ሰድዷል። መመርመሪያው 8 ሲያሳይ ከሱቅ የተገዛ ማውረጃ ጠብ ይደረጋል፤ በማግስቱ ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ደግሞ ጠብ ይደረጋል። እኔ የምለው፣ አብዛኛውን የቤት ዓሣ የሚፈጀው የውኃው ፒኤች 8 መሆኑ ሳይሆን ይህ ማለቂያ የሌለው ማውጣትና ማውረድ ነው። ፒኤች የውኃው ሌላ ጠባይ ውጤት ነው፤ ያን ጠባይ ሳይነኩ ቁጥሩን ብቻ መግፋት አያዛልቅም።

ፒኤች የተባለውን የአሲድነት መለኪያ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም ኮፐንሃገን ውስጥ በአንድ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ቤተ ሙከራ ነበር። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ እርከን የአሥር እጥፍ ልዩነት አለው። ከ8 ወደ 6 የወረደ ውኃ አሲድነቱ መቶ እጥፍ ጨምሯል ማለት ነው። ውኃ እንዲህ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው በውስጡ የሟሟው ባይካርቦኔት ነው፤ ይህም ዝናብ በአፈርና በድንጋይ መካከል ሲሰርግ ይዞት የሚወጣ ማዕድን ነው። አሲድ ሲመጣ ባይካርቦኔቱ ይቀበለውና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። ባይካርቦኔት የውኃው ጥሪት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ እስካለ ድረስ ወጪው አይታወቅም፣ ሲሟጠጥ ግን ፒኤቹ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ዓሣ አርቢዎች ይህን ጥሪት ኬኤች በሚባል ዲግሪ ይለኩታል። 4 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ገንዳ በቂ ነው፤ ከ2 በታች ያሰጋል።

ጥሪቱን የሚበላው ደግሞ ራሱ ጤነኛ ገንዳ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ሥራቸው አሲድ ይወልዳል። በአሞኒያ መልክ ያለ አንድ ሚሊግራም ናይትሮጅን በለወጡ ቁጥር፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ሰባት ሚሊግራም ያህል ጥሪት ይጠፋል። ለወራት ውኃው ያልተቀየረለት ገንዳ ፒኤቹ ከ6 በታች ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ ይዳከማሉ፤ አሞኒያውም ይጠራቀማል። የሚገርመው፣ ዓሣዎቹ በዚህ ጊዜ እምብዛም አይታመሙም፤ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ አሞኒያ መርዝነቱ ወደቀነሰው አሞኒየም ይለወጣልና። ጥፋቱ የሚመጣው ባለቤቱ ነቅቶ አብዛኛውን ውኃ ደፍቶ ፒኤቹ 8 የሆነ የቧንቧ ውኃ የሞላበት ዕለት ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ክፍል ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም፤ 8 ላይ አምስት በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 9 ላይ ከሲሶ ያልፋል። ዓሣዎቹ በማግስቱ ሞተው ሲገኙ የሚወቀሰው የቧንቧው ውኃ ነው። በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ፣ ፒኤቹ 10 ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ የቲላፒያ ዝርያ ለዚህ ችግር የራሷን መላ አግኝታለች፤ በአሞኒያ ፋንታ ዩሪያ ታስወጣለች። የቤት ዓሣዎቻችን ይህ ችሎታ የላቸውም።

ከሱቅ የሚገዛው ማውረጃ የሚጎዳውም ይህንኑ ጥሪት በመብላት ነው። አሲዱ መጀመሪያ የሚያጠፋው ባይካርቦኔቱን ነው፤ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ቁጥሩ ያንሰራራል፤ ባለቤቱም «አልሠራም» ብሎ ይደግማል። አንድ ቀን ጥሪቱ ያልቅና ያው የተለመደው ጠብታ ፒኤቹን ገደል ይከተዋል።

«ዓሣው የመጣው ከአማዞን ነው፤ የአገሩን ውኃ ልናዘጋጅለት አይገባም?» የሚል ሙግት ይነሳል። እውነት አለው፤ የአማዞን ገባር የሆነው የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ፒኤች ከ5 በታች የሚወርድበት ቦታ አለ። ነገር ግን ያ ውኃ ከማዕድን የጸዳ ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ በማዕድን በበለጸገ ውኃ ላይ አሲድ መጨመር ሪዮ ኔግሮን አያመጣም። ደግሞም በገበያ ያለው የአማዞኑ ዓሣ ኒዮን ቴትራ በአብዛኛው በእርባታ ጣቢያ የተፈለፈለ ነው። ከዱር የተያዘ ዲስከስ ወይም ለማራባት የታሰበ ዓሣ ግን ለስላሳ ውኃ ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ለተክሎች ሲባል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚሰጥባቸው ገንዳዎች ፒኤቹ በየቀኑ አንድ እርከን ያህል ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ዓሣዎቹ ግን ደህና ናቸው። ታዲያ መዋዠቁ ምን ይጎዳል? መልሱ፣ በእነዚህ ገንዳዎች የሚለዋወጠው ጋዙ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አሞኒያም በየጊዜው ይጠራል። ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም መጠበቅ ያለበት ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነገር መሆኑን ያሳያል።

ሥራው ብዙ አይደለም። በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ወይም አምስተኛውን መቀየር ጥሪቱን ይተካል፤ አዲሱ ውኃ ግን ክሎሪኑ ይወገድለት። የቧንቧችሁን ውኃ ስትለኩ በሰፊ ዕቃ አሳድራችሁ ይሁን፤ የታመቀው ጋዝ ካልወጣ ቁጥሩ ያታልላል። ውኃው ከምንጩ ድሃ ከሆነ በከረጢት የታሰረ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ማጣሪያው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ አሲዱ ሲበረታ ይበልጥ ይሟሟል፣ ሲለዝብ ይቀንሳል። አስቸኳይ ሲሆን አንድ ግራም ቤኪንግ ሶዳ የ30 ሊትር ውኃን ኬኤች በአንድ ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ በውኃ በጥብጦ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው። ለዳቦ የሚገዛው ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲድ ስላለበት ገንዳ ውስጥ አይገባም። ከፒኤችና ከኬኤች መመርመሪያ አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያላችሁ፣ የኬኤቹን ግዙ።