«ኢ16» ሲመጣ ስልክ የሚወጣበት ቤት

ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ስክሪኑ ላይ «ኢ16» ብቅ ይላል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዲኤስቲቪ ቤት የሚውል ደጋፊ ትርጉሙን ያውቃል፤ ሂሳብ አልተከፈለም! ድሮ ባለቤቱ ወኪል ፍለጋ ሲሮጥ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልቅ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ግን የስማርት ካርዱን ቁጥር አስገብቶ በስልክ መክፈል ተለምዷል።

ነገሩ ለሰበታዎች ቀልድ አልነበረም። በ2013ቱ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ሳቢያ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ብቻ ተካሄዱ። ሰበታ ከተማ በገዛ ሜዳው አልተጫወተም። ጅማና ድሬዳዋ ድረስ ተከትሎ መሄድ ያልቻለ ደጋፊ ክለቡን የሚያገኘው ሱፐር ስፖርት ላይ ነው። ያኔ ጥያቄው «ዲኮደሩ ኤችዲ ነው ወይ?» ሆነ፤ የቆየው ዲኮደር የኤችዲ ቻናል አያነሳማ። ኳሷ እንደ ጉም ብዥ ካለች ደግሞ ማን ገንዘብ ከፍሎ ይቀመጣል?

ዲኮደር ቢቀየርም ዝናቡን የሚችለው የለም። የእንግሊዝ ሊግ የሚጀመረው ነሐሴ ላይ ነው፤ የሱሉልታ ሰማይ ሲጠቁር «ኢ48» ይመጣል፣ ሲግናል የለም ማለት ነው። ለዚህ ቴሌብርም መልስ የለው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን የሚነካካ አንድ ጎረምሳ ግን አይጠፋም።

ሰበታ ከተማ በ2014 ከሊጉ ወረደ።