ቀይ ቀለም፣ ሺባ ውሻና ሮዝ ማስክ፦ ስለ ታይዋን የጤና ትምህርት ሥዕሎች ተረትና እውነታ

የታይዋን የጤናና ደኅንነት ሚኒስቴርና በሥሩ ያሉ ተቋማት ለሕዝብ የሚያሠራጯቸው ፖስተሮችና በራሪ ወረቀቶች በካርቱን እንስሳትና በደማቅ ቀለም የተሞሉ በመሆናቸው የውጭ ተመልካችን ዓይን ይስባሉ። ይህን ገጽታ ከባህል ጋር ለማያያዝ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች መነሻ ባያጡም፣ ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ብቻ ናቸው።

ተረት፦ ሥዕል ቋንቋ ስለማያሻው የትም አገር በአንድ ዓይነት ይነበባል።

እውነታ፦ ሥዕልን ማንበብም የሚለመድ ነገር ነው። የእጅ አስተጣጠብን ወይም የመድኃኒት አወሳሰድን በቅደም ተከተል የሚያሳዩ ሥዕሎች ከየት እንደሚጀምሩ ለአንባቢው የሚጠቁመው የለመደው የጽሑፍ አቅጣጫ ሲሆን፣ በታይዋን ይህ አቅጣጫ አንድ ብቻ አይደለም። በቆየው ልማድ የቻይንኛ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይወርድና ዓምዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራሉ፤ የመንግሥት ደብዳቤዎች ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍ የጀመሩት በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብዙ ልብ ወለዶችና ከጃፓን የተተረጎሙ የሥዕል ታሪኮች ግን ዛሬም ከቀኝ ይነሣሉ። ቁጥር ወይም ቀስት ያልተደረገበት ተከታታይ ሥዕል እዚያ ለስሕተት የተጋለጠ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ተረት፦ ለታይዋን ሰው ቀይ ደስታ፣ ነጭ ሐዘን ስለሆነ፣ የጤና መልእክት አዘጋጅ ቀለሙን በዚሁ መሠረት መምረጥ ይበቃዋል።

እውነታ፦ ለአዲስ ዓመትና ለሠርግ የሚሰጠው ገንዘብ በቀይ ፖስታ፣ ለሐዘን የሚሰጠው በነጭ ፖስታ መሆኑ፣ የሰውን ስም በቀይ ቀለም መጻፍም የሚሸሽ ነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ ቀዩ የትራፊክ መብራት ያስቆማል፣ በአክሲዮን ገበያ ሰሌዳ ላይ ደግሞ ቀይ የዋጋ መጨመርን ያመለክታል፣ ነጭ ጋውን የለበሰን ሐኪም አይቶም ሐዘን የሚሰማው የለም። አረንጓዴም እንዲሁ በአትክልት ሥዕል ላይ የጤና ምልክት ሲሆን፣ ወንድ ልጅ አረንጓዴ ባርኔጣ አድርጎ ከተሣለ ግን ሚስቱ የማገጠችበት ሰው ተደርጎ ስለሚወሰድ መሣቂያ ይሆናል። ትርጉሙን የሚሸከመው ቀለሙ ከዕቃውና ከአጋጣሚው ጋር ሲጣመር እንጂ ቀለሙ ብቻውን አይደለም።

ይህ ትርጉም የማይነቃነቅ አለመሆኑም በ2020 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ከዚያ ዓመት የካቲት ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ የተነሣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማስክ በራሽን ይከፋፈል ስለነበር ሰው ቀለሙን መምረጥ አይችልም ነበር፤ ሮዝ የደረሰው አንድ ልጅም የትምህርት ቤት ጓደኞቹ እንዳይሥቁበት በመፍራት አላደርግም ማለቱ ተሰማ። የጤና ሚኒስትሩ ቼን ሺ-ቹንግና ባልደረቦቻቸው ሚያዝያ 13 ቀን በሰጡት ዕለታዊ መግለጫ ላይ ሁሉም ሮዝ ማስክ አድርገው ቀረቡ፤ የሴት ልጅ ይባል የነበረው ቀለም ወዲያው የአጋርነት ምልክት ሆነ።

ተረት፦ ካርቱን የልጆች በመሆኑ ከባድ የጤና መልእክትን ያቀልለዋል።

እውነታ፦ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ታይዋን ከ1895 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገዛዝ ሥር የቆየች ከመሆኗም በላይ፣ ከዚያም በኋላ የጃፓን የሥዕል ታሪክና የሚያሳሳ ገጸ ባሕርይ ለአዋቂው ጭምር የዕለት ተዕለት ነገር ሆኖ ስለኖረ፣ ካርቱን እዚያ የዕድሜ ምልክት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሚኒስቴሩ መልእክተኛ የነበረው ዞንግቻይ የተባለ ሺባ ኢኑ ውሻ ሲሆን፣ በአንዱ ፖስተር ላይ ርቀትን በሜትር ብቻ ከማመልከት ይልቅ በቤት ውስጥ የሦስት፣ በደጅ የሁለት ውሻ ርዝመት ያህል ራቁ ይል ነበር፤ ይኸውም 1.5 ሜትርና 1 ሜትር መሆኑ ነው። ውሻው እዚህ ላይ ጌጥ ሳይሆን መለኪያ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩልን በዓይን መገመት ለሚቸግረው ሰው ሦስት ውሾችን አሰልፎ ማሰብ ይቀልለዋል።

ጥሬ ዕቃው ለማስክ ስለሚውል የመጸዳጃ ወረቀት ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰ ጊዜም መንግሥት ያወጣው ጠቅላይ ሚኒስትሩን በጀርባቸው የሚያሳይ ካርቱን ነበር፤ መቀመጫ ያለን አንድ አንድ ብቻ ነው የሚለው ቀልድ ሰውን ሲያሥቀው፣ ከሥሩ የተቀመጠው ሠንጠረዥ ወረቀቱና ማስኩ ከተለያየ ጥሬ ዕቃ እንደሚሠሩ ያስረዳ ነበር።

ታይዋናውያን የሚፈልጉት የሚያሳሳ ሥዕል ብቻ ነው ማለት ግን ሌላ ተረት ይሆናል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲጋራ ፓኬት ላይ የበሽታ ሥዕል እንዲታተም ሕግ ያስገድዳል፤ ሥዕሉና ማስጠንቀቂያው የሚይዙት ቦታም ከ35 በመቶ ተነሥቶ ከ2023 ወዲህ 50 በመቶ ደርሷል።

ተረት፦ ሰው የወደደውን ሥዕል ተረድቶታል።

እውነታ፦ መውደድና መረዳት ሁለት ናቸው፤ የሥዕል አዘጋጆች ዘወትር የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስላል። ውበቱ የተመሰገነ ፖስተር ተመልካቹ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነግረው ሊቀር ይችላል፤ ባህል መረዳትን የሚያግዘው ሥዕሉ ሰው በእጁ ከያዘው ነገር ሲነሣ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የምግብ መመሪያ የእህል መጠንን በግራም ፈንታ በጎድጓዳ ሳህን የሚለካው፣ ፍራፍሬን በተጨበጠ እጅ፣ ሥጋና አኩሪ አተርን የመሳሰለውን በመዳፍ የሚያመለክተው ለዚህ ነው፤ ወጡ ከመሃል በጋራ የሚነሣበት፣ ሩዙ ግን ለእያንዳንዱ በየሳህኑ የሚቀርብበት ገበታ ላይ የራስን ድርሻ ለመገመት ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማግኘት ያስቸግራል። ይኸው መመሪያ ከቬትናምና ከኢንዶኔዥያ ለሥራ ወይም በጋብቻ ለመጣ ሰው ሲቀርብ ጽሑፉን መተርጎም ያስፈልጋል፤ መዳፉና የተጨበጠው እጅ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።